ጥቁር አዝሙድ ከጓዳ ወደ ብልቃጥ

ጥቁር አዝሙድ የማይገኝበት የኢትዮጵያ ጓዳ ጥቂት ነው። ከበርበሬ ጋር ይደለዛል፤ ዳቦ ውስጥ ይገባል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው ታሽቶ በጨርቅ የተቋጠረውን እያሸተተ አፍንጫውን ይከፍታል። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኙት ደንቢያና ጣቁሳም በዚሁ ሰብል የታወቁ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ የወጥ ቤት ፍሬ በቅርብ ዓመታት ሌላ ማዕረግ አግኝቷል። ዘይቱ በትንንሽ ብልቃጥ እየተሞላ ለፊት፣ ለፀጉር፣ ለብጉርና ለደረቅ ቆዳ ይበጃል እየተባለ በውጭ አገርም በአገር ውስጥም ይሸጣል። ሙስሊሞች በሐዲስ ስለተነገረለት «ሐበተ ሰውዳ» እያሉ ቀድሞም ያከብሩታል፤ አዲሱ ነገር ዓለም በሙሉ ለፊቱ ቅባት መፈለጉ ነው። እንግዲህ ፍሬው በቅርብ የሚገኝላቸው የባሕር ዳር እናቶች፣ ፋሲሎ ይኑሩ ሽምብጥ፣ «እኛስ በራሳችን ስም አዘጋጅተን ብንሸጥ ምን ይለናል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ ግን ጥያቄውን ያህል ቀላል አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከእቁብ የተገኘ ወይም ከደመወዝ የተቆጠበ ነው። ቅባቱ የሚያርፈውም በሰው ገላ ላይ፣ አንዳንዴም በሕፃን ገላ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሥራውን ዓይነት እንለይ። በራስ ስም ቅባት የሚሸጥ ሰው ሁሉ ራሱ አምራች አይደለም። በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነው ብዙዎቹ የራሳቸው ፋብሪካ የላቸውም። አንድ ፋብሪካ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ክሬም ይገዛሉ፤ ጥቂት ዘይትና ሽታ ያስጨምሩበታል፤ ከዚያም የራሳቸውን ስም ያስለጥፋሉ። በዚህ መንገድ የሄደች ሴት መሣሪያ መግዛት አይጠበቅባትም። ነገር ግን ፋብሪካው ከተወሰነ ብዛት በታች አልሠራም ይላል። በሺህ የሚቆጠር ብልቃጥ ተረክቦ መሸጥ አቅቶት ቤቱን መጋዘን ያደረገ ሰው ቢኖር አይገርምም። ይበልጥ አሳሳቢው ግን የተለጠፈው ስም የሷ መሆኑ ነው። ገዢዋ ፋብሪካውን አታውቀውም፤ ቆዳዋ ቢቆጣ የምትመጣው ወደ ስሙ ባለቤት ነው።

ለመሆኑ ጥቁር አዝሙድ ለቆዳ ምን ያደርጋል? ከመቶ ኪሎ ፍሬ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚሆነው ቅባት ነው፤ ሆኖም ያለ ሙቀት ሲጨመቅ ሁሉም አይወጣም። ከቅባቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ይህም የቆዳን እርጥበት ለመጠበቅ ይረዳል። ያንን የታወቀ ሽታውን በከፊል የሚሰጠውና ተመራማሪዎችን የሳበው ደግሞ ታይሞኪኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኢራን በወጣ አንድ ጥናት የእጅ ችፌ ያለባቸው 60 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ለአራት ሳምንት ሲታዩ፣ የጥቁር አዝሙድ ቅባት የተቀቡት የቤታሜታዞን ቅባት ከተቀቡት ጋር የተቀራረበ መሻሻል አሳይተዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን 60 ሰው ጥቂት ነው፤ አራት ሳምንትም አጭር ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «ችፌን ይነቅላል» ብሎ መጻፍ ደንበኛን ማታለል ይሆናል።

በሌላ በኩልም ዘይቱ ሳይበረዝ ሲቀባ ቆዳቸው የሚቆጣ፣ የሚቀላና ውሃ የሚቋጥር ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ከዚህ አያድንም፤ ሳማም የተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አዲስ ቅባት ፊቱን ከመቀባቱ በፊት ጥቂት በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ አድርጎ እስከ ሁለት ቀን ሊጠብቅ ይገባል። ለጨቅላ ሕፃን ሐኪም ሳይጠየቅ ባይቀባ ይመረጣል።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንግባ። ቆዳ እንዳይቆጣ ሲባል የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከመቶ አምስት እጅ ብቻ እንዲሆን ተደረገ እንበል። በ50 ግራም ብልቃጥ ውስጥ የሚገባው ሁለት ግራም ተኩል ነው፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከ300 የሚበልጥ ብልቃጥ ያዳርሳል። በትልቁ ስሙ የተጻፈለት ፍሬ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ድርሻ ይህን ያህል ነው! ቀሪው 47 ግራም ተኩል ሌላ ነገር ነው፤ ቅባቱን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገውም ይኸው ሌላው ነገር ነው። ገዢዎችም ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በዓለም ላይ በተለመደው አሠራር በመለያው ወረቀት ላይ የሚዘረዘሩት ነገሮች ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት ብቻ እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ጥቁር አዝሙዱ ከሽቶው በኋላ ተጽፎ ካያችሁት ብዙውን ጊዜ ለስሙ ያህል ጠብ የተደረገ ነው።

የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ነጭ፣ ለስላሳና ቶሎ የሚጠልቅ ክሬም በውስጡ ብዙ ውሃ አለበት። ውሃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ ጣት በገባበት ቁጥርም አዲስ ይጨመራል። ይህን ለመከላከል መጠኑ የታወቀ መጠበቂያ ኬሚካል ይገባል፤ መሥራቱም ሆን ተብሎ ጀርም ተጨምሮበት በላቦራቶሪ ይፈተናል። «ኬሚካል የለበትም» እየተባለ በየቤቱ በውሃ የተበጠበጠ ክሬም ሽታው ሳይለወጥ፣ መልኩም ሳይደበዝዝ ጀርም ሊሞላው ይችላል። በዓይን አይታይም። በእኔ አስተያየት ላቦራቶሪ የማታገኝ ጀማሪ ውሃ ያለበትን ክሬም ልትሞክረው አይገባም።

ውሃ የሌለበት ወፍራም ቅባት ግን በትንሽ ካፒታል ሊጀመር ይችላል። የሚያስፈልገው ዘይትና ሰም ብቻ ነው፤ ሰሙ ደግሞ ከእጃችን ነው። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀደምት ናት። ብዙው ሰማችንም የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው፤ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተለቅሞ፣ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይወጣዋል። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት ሲሆን በጣት የሚነሣ፣ በሙቀት የማይፈስ ቅባት ይሆናል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣልና በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም፤ ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ ሌላ ዕቃ አስቀምጦ ማቅለጥ ይበቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለምትገኝ ውሃዋ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ጥቁር አዝሙዱ የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ድብልቁ ሞቅ ብሎ ገና ሳይረጋ ነው፤ አለዚያ ሽታውና ጥቅሙ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ማማሰያውም ብልቃጡም ደረቅ መሆን አለበት፤ አንድ ጠብታ ውሃ የተባለውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ለመበረዣ የሰሊጥ ዘይት ከኑግ ዘይት ይሻላል፤ የኑግ ዘይት ቶሎ ሽታው ይለወጣል። ጥቁር አዝሙዱም ራሱ ብርሃንና አየር አይወድምና ጠቆር ባለ ጠርሙስ ይቀመጥ። በገበያ «የጥቁር አዝሙድ ዘይት» ተብሎ የሚቀርበውም ሁሉ አንድ አይደለም። ከፍሬው የተጨመቀ አለ፤ ፍሬው በሌላ ዘይት ተዘፍዝፎ የወጣ አለ፤ በርካሽ ዘይት የተቀላቀለም አይጠፋም። ፍሬውን ራስ ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ ዓይን እያየ ማስጨመቅ የተሻለ ነው።

ሥራው አድጎ ወደ ፋብሪካ መሄድ ካስፈለገ ኮንትራቱ በጽሑፍ ይሁን። የቅመሙ ባለቤት ማን ነው? ፋብሪካው ነገ ያንኑ ቅባት በሌላ ስም ለጎረቤታችሁ ይሸጥ ይሆን? የተበላሸ ዙር ቢመጣ ኪሳራው የማን ነው? እነዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ አለባቸው። ቅባቱ በ40 ዲግሪ ሙቀት ለሦስት ወር ተቀምጦ ሳይለያይና ሽታው ሳይለወጥ መቆየቱን የሚያሳይ ውጤትም ጠይቁ። ይህን ማሳየት የማይፈልግ አምራች፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ባይቀርብ ይሻላል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ እናንሣው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የውበት መጠበቂያዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በመለያው ወረቀት ላይ «ያለሰልሳል» ብሎ መጻፍና «ያድናል» ብሎ መጻፍ በጣም ይለያያሉ፤ ያድናል የተባለ ቅባት መድኃኒት ነኝ እያለ ነውና የሚጠየቀውም እንደ መድኃኒት ነው። በአንድ ነገር ላይ ግን ቸልታ አይገባም። በ«ጥቁር አዝሙድ» ስም ቆዳን አቀላለሁ የሚል ክሬም ከቀረበላችሁ አትግዙ፤ ስማችሁንም አትለጥፉበት። ፈጣን ማቅያዎች ብዙ ጊዜ ኃይለኛው ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። የመጀመሪያው ቆዳን ያሳሳል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት እጅም ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው ማቅያዎች እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና ወደ ውጭ እንዳይላኩ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስምን በተመለከተ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 አለ። ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን ለሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይታደሳል። «ጥቁር አዝሙድ» የሚለው ቃል ብቻውን የማንም ሊሆን አይችልም፤ የዕቃው መጠሪያ ነውና። የራሳችሁን ስም ፈልጉ። ስም ገንዘብ መሆኑን ከቡና አይተናል። አገራችን የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች።

በጓዳ ፍሬ ዓለምን ለመድረስ ሞሮኮዎች ቀድመውናል። አርጋን የሚባለውን የጠንካራ ፍሬ ዘይት የበርበር ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ እየሰበሩና እየፈጩ ለምግብም ለገላም ያዘጋጁት ነበር። የራባቱ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት ዙቤይዳ ሻሩፍ በ1996 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የአርጋን ሴቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በዓለም ተፈላጊ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ጥቅሙ የደረሳቸው ቤተሰቦች ፍየል ገዝተዋል፤ ሴት ልጆቻቸውም ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ በብዛት አልፈዋል። ጉዳቱም አብሮ መጣ፤ የበዙት ፍየሎች ለዛፉ ጠላት ሆኑ።

ጥቁር አዝሙድ በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል ስለሆነ እንደ ዛፉ አያልቅም፤ የደንቢያ ገበሬ ግን የሚያገኘው የፍሬውን ዋጋ ብቻ እስከሆነ ድረስ ከብልቃጡ ትርፍ አይደርሰውም። ከሁለት ግራም ተኩል ምን ይደርሰዋል? በመሆኑም ባሕር ዳር ላይ ተደራጅተው ፍሬ የሚያስጨምቁ እህቶች ዘይቱን ለሌሎች አምራቾች ቢሸጡ ከብልቃጥ ንግድ የተሻለ የሚያገኙ ይመስለኛል። ስም መለጠፉ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።

ቢሆንም በብልቃጡ ልጀምር ለምትል እህት የመጀመሪያው ዙር ከ40 ብልቃጥ ባይበልጥ እመክራለሁ። በእያንዳንዱ ላይ ክብደቱ፣ የገባበት ነገር ሁሉ፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የዙሩ ቁጥርና አድራሻ ይጻፍ። በደብተርም ሰሙ ከማን፣ ፍሬው ከየት እንደተገዛ ይመዝገብ። ከየዙሩ ሁለት ብልቃጥ ሳይሸጡ ታሽገው በጨለማ ሣጥን ይቀመጡ። አንዲት ደንበኛ «ፊቴን አቃጠለኝ» ብላ ስትመጣ ተከፍቶ የሚመረመረው ያ የተቀመጠው ብልቃጥ ነው።