የሞተ ላይት ሜትር፦ ይጠገን ወይስ ካሜራው እንዳለ ይሸጥ?

ያገለገለ የፊልም ካሜራ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ከገዢ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሠራል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ላይት ሜትሩስ?» ይሆናል። ለመጀመሪያው መልስ አይቸግረውም፤ ሻተሩን አንድ ሁለቴ አስጩኾ ያሳያል። የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው። የብርሃንን መጠን የሚለካው ይህ ትንሽ መሣሪያ በአሮጌ ካሜራ ላይ ቀድመው ከሚሞቱ ክፍሎች አንዱ በመሆኑ ሻጩ ወይ ከዋጋው ይቀንሳል፣ ወይ ለጥገና ኪሱን ይዳብሳል።

የፊልም ካሜራ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው ብሎ መተው አያስኬድም። የጀርመኑ ላይካ ኤም 6 የተባለውን የፊልም ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ለገበያ አቅርቧል። ፔንታክስም በ2024 ፔንታክስ 17 የተሰኘ አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። ገዢ እስካለ ድረስ ደግሞ አሮጌውን ካሜራ ጠግኖ መሸጥ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነው።

ካሜራው ያለ ሜትር ይሠራል?

ሂሳቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ስሙ እንግዳ ያልሆነውን የሶቪየቱን ዜኒት-ኢ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ ካሜራ ሻተሩ የሚንቀሳቀሰው በስፕሪንግና በጥርስ ነው፤ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ከሌንሱ በላይ ያለው የሴሌኒየም ሜትር ከሻተሩ ጋር አልተያያዘም፤ ቀስቱ የሚያሳየውን ቁጥር አንብቦ ሌንሱና ሻተሩ ላይ የሚሞላው ባለካሜራው ራሱ ነው። ስለዚህ ሜትሩ ቢሞትም ካሜራው ፎቶ ከማንሳት አይቦዝንም።

የጃፓኑ ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1984 የተመረተው ይህ ካሜራም ባትሪ የለውም፤ ሆኖም ተጠቃሚው አውቶማቲክ ላይ ሲያደርገው የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚወስንለት በሌንሱ ዙሪያ ያለው ሴሌኒየም ነው። ሴሌኒየሙ ከሞተ ካሜራው በጠራራ ፀሐይም ብርሃን የለም ብሎ ቀይ ምልክት ያወጣል፣ ሻተሩንም ይቆልፋል። እዚህ ላይ ሜትሩ የካሜራው አእምሮ ነውና ጥገናው ትርጉም አለው።

ከጠጋኝ በፊት ባትሪ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ በርካታ ካሜራዎች ሜትራቸው 1.35 ቮልት በሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ የሚሠራ ነበር። ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ ባትሪው ከገበያ ወጥቷል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕግ ስታግደው፣ በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ደግሞ እገዳውን ዓለም አቀፍ አድርጎታል። ዛሬ በቦታው የሚገባው አልካላይን ባትሪ 1.5 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሜትሮች ብርሃኑ ካለው በላይ እንደሆነ አድርገው እንዲያነቡ ያደርጋቸዋል፤ ውጤቱም የጠቆረ ፎቶ ነው። «ሜትሩ ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ችግሩ የባትሪ ብቻ የሆነ ይገኝበታል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የባትሪውን ቤት ከፍቶ ዝገት መኖሩን ማየት፣ ማጽዳት፣ ከዚያም ለጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ የሚሸጠውን ዚንክ-ኤር ባትሪ መሞከር ይበጃል። የዚህ ባትሪ ቮልት ለሜርኩሪው የቀረበ ሲሆን፣ ጉድለቱ ሽፋኑ ከተላጠ በኋላ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ሜትሩን በስልክ ላይ ከሚጫን የላይት ሜትር መተግበሪያ ጋር በደጅ፣ በጥላና በቤት ውስጥ ማመሳከር ነው። ስህተቱ በሦስቱም ቦታ እኩል ከሆነ የፊልሙን ፍጥነት ቁጥር በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ማረም ይቻላል። ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ሜትሩ እየደከመ ነው። የደከመ ሴሌኒየም ደግሞ በባትሪ አይድንም፤ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ካሜራ የወጣ ሴሌኒየም ነው። እሱም ያረጀ ነው።

ሂሳቡ

ለምሳሌ ያህል፣ ሜትሩ የሞተ ካሜራ 4,000 ብር፣ ሜትሩ የሚሠራው 6,000 ብር ያወጣል እንበል። ቁጥሩ ሂሳቡን ለማሳየት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። በጥገናው የሚገኘው ጭማሪ 2,000 ብር ነው። ጠጋኙ 2,500 ብር ከጠየቀ ነጋዴው 500 ብር ከስሮ፣ ዕቃውም ጥገና ቤት ከርሞ ይሸጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ አሮጌ ካሜራ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ነገር የመሰበር አደጋ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ማስፈታት ትርፉን ይበላል።

እንደ ዜኒት ላለው ካሜራ ገዢው ሌላ አማራጭ አለው። ስልኩ ላይ በነፃ ይለካል፤ ፀሐይ ባለበት ደግሞ የቆየው የፎቶ አንሺዎች ደንብ ይበቃዋል፦ ቀዳዳው 16 ላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከፊልሙ ቁጥር ጋር ይቀራረብ፤ ባለ 100 ፊልም ከሆነ 1/125 ሰከንድ። ስለዚህ ለጥገና የተመደበ ገንዘብ ካለ ቀድሞ ሻተሩ ላይ ይዋል። ሻተሩ የዘገየ ካሜራ ሜትሩ ምንም ያህል ትክክል ቢያነብ ፎቶውን ያበላሻል።

የሚቀረው የሻጩ ቃል ነው። ሜትሩ ከሞተ «ሜትሩ አይሠራም፣ ሻተሩ ተፈትሿል» ብሎ መሸጥ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል። ሳይሞክሩ «ሁሉም ይሠራል» ማለት ግን ገዢው የመጀመሪያውን ፊልም አሳጥቦ ጥቁር ፎቶ ሲያይ ዕቃውን ይመልሰዋል፤ ስሙን ያጠፋ ደላላ ደግሞ ለቀጣዩ ካሜራ ገዢ አያገኝም።