የደረቀ ሁሉ የሞተ አይደለም፦ ከውርጭ በኋላ የሣር ሜዳን ስለ ማዳን



የንግግሬ መነሻ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ መድረሻው ግን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ የሣር ሜዳዎች ናቸው።

በረዶ ለሳምንታት በሚተኛባቸው አገሮች፣ በጎልፍ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው «ግሪን» የተባለው ሣር ክረምቱ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ቁመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ስለሚታጨድ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ የለውም። ሆኖም ባለሙያዎቹ ሜዳውን ወዲያው አይገለብጡትም። ጥቂት ቁራሽ ከነሥሩ ቆርጠው ሞቃት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ውሃ እያጠጡ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃሉ። ካቆጠቆጠ የሞተው ቅጠሉ ብቻ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ ባይኖርም ውርጭ አለ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ታጣለች፤ ቀዝቃዛ አየርም ከባድ ስለሆነ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በዚህ ሰዓት ሰውም ከብትም ሲረግጠው በውስጡ የቀዘቀዙት ሕዋሳት ይሰበራሉ፤ የእግሩም ዱካ ከቀናት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በውርጭ ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ያቁራል። በዚያ ጭቃ ላይ ኳስ ሲጫወቱበትና ከብት ሲሰማራበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አየር ያጣው ሥርም ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከላይ ይቀራል። ኅዳር ሲገባ አፈሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ውርጩም የሚያገኘው አስቀድሞ የተዳከመ ሣር ነው። ነሐሴ ያቆሰለውን ታኅሣሥ ይገልጠዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ አመዳዩ እስኪቀልጥ ድረስ ሜዳውን አለመርገጥ። ሁለተኛ፣ ቁራሹን ቆርጦ መፈተን። ሦስተኛ፣ የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው በሹል ብረት እየወጉ አየር ማስገባት፣ ቀዳዳዎቹንም በአሸዋና በበሰለ ብስባሽ መሙላት። አራተኛ፣ በተራቆተው ቦታ ላይ የሰርዶ ቁርጥራጭ መትከል፤ ሰርዶ በምድር ላይም በምድር ውስጥም እየተሳበ ክፍተቱን ይሸፍናል። አምስተኛውና ዋነኛው፣ ክረምት ሳይገባ የውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድና ሜዳው ጭቃ በሆነበት ወቅት ማሳረፍ ነው።

ለዚህ ሥራ የውጭ ሣር ማስመጣት የግድ አይደለም። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ የጎልፍ ሜዳዎች የሚታወቀው የኪኩዩ ሣር የትውልድ ቦታው የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው።

ሜዳው ለአርሶ አደሩ ግጦሽና ድርቆሽ፣ ለሯጩ መለማመጃ፣ ለልጆች መጫወቻ ነው። ቤት በሜዳ ላይ በሚሠራበት በዚህ ዘመን «ሞቷል» የተባለ ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ለመዋል ቅርብ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ያቺን ቁራሽ ቆርጠን ሁለት ሳምንት እንጠብቅ እላለሁ።