ዐሥር ሜትር ሽቦና የጨንቻ ቀርከሃ

አንባቢ ሆይ፥ በጥቅምት አጋማሽ ግድም፥ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አርባ ምንጭ እንቅልፍ ላይ ናት። በዚያች ደቂቃ ግን የአማተሮችን ንግግር የሚቀበል የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከፍተው በ7 ሜጋኸርዝ ግድም ቢያዳምጡ፥ ገበያ መካከል የቆሙ ይመስልዎታል። ሁሉም «ሲ ኪው!» እያለ ይጣራል፤ «የምትሰሙኝ ሁሉ መልሱልኝ» ማለት ነው።

ይህ ጩኸት በየዓመቱ በፈረንጆች ኦክቶበር ወር መጨረሻ፥ ቅዳሜና እሑድ፥ 48 ሰዓት ሙሉ የሚደረገው «ሲ ኪው ወርልድ ዋይድ» የተባለው የአማተር ራዲዮ ውድድር ነው። የሚያሸንፈው ብዙ ያወራ አይደለም፤ ከብዙ አገር ብዙ ጣቢያ ያገኘ ነው እንጂ። ተነጋጋሪዎቹ የሚለዋወጡት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ድምፁ እንዴት እንደ ተሰማ፥ ሁለተኛው ጣቢያው ያለበትን የዓለም ክፍል ይገልጻል። ዓለም ለዚህ ውድድር በ40 ክፍል ተከፍላለች፤ የእኛ 37ኛው ነው። እኛ ከሌላ አህጉር ጋር ብንነጋገር 3 ነጥብ፥ ከሌላ የአፍሪካ አገር ጋር ብንነጋገር 1 ነጥብ እናገኛለን። ድምሩም በተገኙት አገሮችና ክፍሎች ቁጥር ይባዛል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከአገራችን የሚሰማው ጣቢያ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በ«ኢ ቲ» የሚጀምር የጥሪ ስም በተሰማ ጊዜ ሁሉም ይሻማበታል። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ባቋቋመው ጣቢያ፥ በኢቲ3ኤኤ፥ በዚህ ውድድር ገብቶ ያውቃል። ባለጸጋ ተወዳዳሪ ረጅም የብረት ምሰሶ ይገዛል፤ እነዚያን ሁለት ፊደላት ግን ሊገዛ አይችልም።

አንቴናውስ? በእጅ ይሠራል። 143ን ለሜጋኸርዙ ያካፍሉ። ለ14.2 ሜጋኸርዝ ዐሥር ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ከመካከሉ ቆርጠው የራዲዮውን ገመድ ሁለት ገመዶች ከሁለቱ ክንፎች ጋር ያገናኙ። መጀመሪያ ጥቂት አስረዝመው ቢቆርጡ መልካም ነው፤ የረዘመ ይታጠራል፥ ያጠረ ግን አይመለስም።

ለምሰሶው ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩበት የጨንቻ ቀርከሃ አለ። ከፍታው ዐሥር ሜትር ቢደርስ ማዕበሉ ዝቅ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ሽቦው የሚያሰራጨው በጎኑ ስለ ሆነ፥ አውሮፓን የሚፈልግ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋው። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብና በስተሰሜን ምዕራብ የጋሞ ተራራ ይጋርዳል፤ ስለዚህ ሽቦውን ቀርከሃው ወደሚበቅልበት ወደ ጨንቻ ማውጣት ይሻላል። ከመብራት መሥመር ይራቁ፤ የጥቅምት ነጐድጓድ ሲሰማም ገመዱን ከራዲዮው ይንቀሉ።

ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው፤ ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። ማዳመጥ ግን ዛሬውኑ ይጀመራል።

እኔ የሞገድን ርዝመት በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ተማሪዎቼም ለፈተና ሸምድደውታል። ሽቦ በእጁ ለክቶ፥ ቈርጦ፥ በዚያ ሽቦ የሩቅ አገር ድምፅ የሰማ ልጅ ግን ትምህርቱን ሊረሳው አይችልም። በትምህርት ቤትዎ አምስት ጓደኞች ቢሰበሰቡ ሥራው ይጀመራል። ዓለም በየጥቅምቱ 37ኛውን ክፍል ይጣራል፤ መላሹ ለምን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሁን?