ባዶ ወጥመድ ምን ይነግረናል? የሌሊት አየርና የእሳት እራት አያያዝ



ቋንቋችን ይህን ፍጥረት «የእሳት እራት» ሲል የሰየመው ወደ ነበልባል ሲበር አይቶ ነው። ስያሜው ውብ ነው፤ ሆኖም በየሌሊቱ እኩል ወደ ብርሃን የሚመጣ ያስመስለዋል። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ግምት ጋር ነው።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ የሚያወድመው የአፍሪካ ተምች ወላጁ የእሳት እራት ነው። ሴቷ የጣለችው እንቁላል በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ አባጨጓሬው አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው በመጨረሻዎቹ የዕድገት ደረጃዎች ነው። ስለዚህ በብርሃን ወጥመድ የተገኘን ዜሮ «ተምች የለም» ብሎ ያነበበ ባለሙያ፣ አርሶ አደሩ ሊጠነቀቅበት የሚችለውን ጊዜ ያባክናል።

የወጥመዱ ቁጥር ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፦ በአካባቢው ያለውን ብዛት፣ ከዚያ ውስጥ በዚያ ሌሊት የበረረውን፣ ከበረረውም ብርሃኑ የሳበውን። አየሩ የኋለኞቹን ሁለቱን በቀጥታ ይለውጣል።

ሙቀትን እንውሰድ። የእሳት እራት ለመብረር የክንፍ ጡንቻዎቹ መሞቅ አለባቸው፤ ከመነሳቱ በፊት ክንፎቹን የሚያንቀጠቅጠውም ለዚህ ነው። በደጋ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን በፍጥነት ትለቃለች፤ በረራውም ይቀንሳል። ነፋስም እንዲሁ ነው፤ ከነፍሳቱ የበረራ ፍጥነት ከበለጠ ወደ መብራቱ ሊያቀኑ አይችሉም።

የጨረቃ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። የመብራት ድምቀት በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ፣ የአካባቢው ብርሃን መቶ እጥፍ ሲጨምር ወጥመዱ ጎልቶ የሚታይበት ርቀት ወደ አንድ አሥረኛ፣ ስፋቱ ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። በመስክ የሚታየው ቅናሽ ከዚህ ስሌት እጅግ ያነሰ ነው፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ሲ. ቢ. ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባካሄደው ሥራ በሙሉ ጨረቃ ወቅት የሚያዘው መቀነሱን አሳይቷል። አንድ ሌሊት የመጣ መንጋ አማካዩን እንዳያዛባበትም ቁጥሮቹን በሎጋሪዝም አሰላ፤ ይህን ልማድ ተማሪዎቼ ቢወርሱት ደስ ይለኛል። ደመና ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ጨረቃን ይጋርዳል፣ የምድርንም ሙቀት ይጠብቃል። የሁለቱን ድርሻ ለመለየት ሙቀትንና ደመናን ለየብቻ መመዝገብ ግድ ነው።

ዝናብስ? ከባድ ዶፍ በረራን ይገታል። ነገር ግን ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር የሚወጣው ነፋስ ከሌላ ነፋስ ጋር ሲገናኝ በአየር ላይ የተበተኑትን ተጓዥ የተምች እራቶች ወደ አንድ ስፍራ ያከማቻል። አርሶ አደሩ «ተምቹ ከዝናብ ጋር ወረደ» ቢል፣ እኔ በበኩሌ ከብዙ የተማሩ ሰዎች ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል እላለሁ።

የፌሮሞን ወጥመድ ከጎን ቢተከል ይረዳል፤ ይሁን እንጂ የሚስበው ወንዱን ብቻ ነው፣ ነፋስም ሽታውን ይበትነዋል። የብርሃን ወጥመድ ለሚተክሉ ተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው፦ ከቁጥሩ ጎን የምሽቱን ሙቀት፣ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ዝናቡንና የጨረቃዋን ዕድሜ ጻፉ። የዛሬውንም ሌሊት ከትናንቱ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ባለፈው ወር በተመሳሳይ የጨረቃ ዕድሜ ከነበረው ሌሊት ጋር አነጻጽሩ። መብራት የጠፋበትን ሌሊት ደግሞ በዜሮ አትሙሉት፤ ለእርሱ የተለየ ምልክት ይኑራችሁ።