ከቀለሙ በፊት ውኃውን

በየካቲት ዕረፍት ወረታ የገባን ልጆች ያደግንበትን የመረብ ኳስ ሜዳ ሄደን አየነው። መስመሩ ጠፍቷል፣ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ጠርዝ ዘቅዝቋል። «አዋጥተን ቀለም እንቀባው» የሚል ሐሳብ ወዲያው ተነሣ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ምህንድስና የምንማር ግን ዝም ማለት አልቻልንም። ሜዳው የተበላሸው ከታች ነው።

የፎገራ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ለሩዝ የተመቸ አፈር ለኮንክሪት አይመችም። የኮንክሪቱ መሐል ተሸፍኖ ስለሚውል እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ጠርዙ ግን በክረምት ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል፤ በዚህ መካከል ይሰነጠቃል። መንገድ ሠሪዎች ዋልካውን ቆርጠው አውጥተው ገረጋንቲ የሚሞሉት ለዚህ ነው። እኛ ለዚያ አቅም የለንም፤ ውኃውን ማራቅ ግን እንችላለን። በዙሪያው ቦይ መቆፈር፣ ከጠርዙ አጠገብ የቆመ ዛፍም ካለ ማሰብ (ሥሩ እርጥበቱን ይመጣል)። ይህ ከቀለም ይልቅ አካፋና ጉልበት ነው የሚፈልገው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነው የላይኛው ልስን ሲደርቅ የወጣ ነው፤ ብዙ አያሰጋም። ሰፊውን ግን በሁለት ወገን በእርሳስ ምልክት አድርገን ለክተናል፤ ነሐሴ ላይ ደግመን እንለካለን። ስፋቱ ከተለወጠ በሲሚንቶ መድፈን ከንቱ ነው፣ በዓመቱ ይፈነቀላል። የሚለጠጥ መሙያ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ውኃ ማፍሰስ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይዞ የቀረ ኩሬ ካለ በጠመኔ ይከበብና ይሞላል። የዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ደንብ ከቤት ውጭ ላለ ሜዳ ለውኃ መውረጃ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይፈቅዳል። በ9 ሜትር ወርድ 4.5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ ተጫዋች አያስተውለውም፣ ውኃ ግን ያስተውለዋል።

ቀለሙ የመጨረሻ ነው፤ ኅዳር ላይ፣ ኮንክሪቱ ታጥቦና በደንብ ደርቆ። ተራ የዘይት ቀለም ርካሽ ቢሆንም ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚት ያስከፍላል። በውኃ የሚበጠበጥ የአክሪሊክ የሜዳ ቀለም ከደቃቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በጎማ መጥረጊያ ስስ ስስ ተደርጎ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይሰመራል። በሌላ ቀለም 13.4 በ6.1 ሜትር ብንጨምርበት ባድሚንተንም፣ ውጭ አገር የተስፋፋው ፒክልቦልም ይጫወቱበታል፤ የሁለቱ ልክ አንድ ነው።

ቦዩን ግን ከሰኔ በፊት እንጨርሰው። አካፋ ያላችሁ አምጡ።