ለሽያጭ የቀረበ የባሕር ዳር ውበት

የስኮትላንድን ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚያውቅ ሰው የኖርዝ ቤሪክን ስም ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። ከኤዲንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቀው ይህች ውብ ከተማ፣ ሁለቱን የአሸዋ ዳርቻዎቿን ከትንሿ ወደብ ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ 187 ሜትር ከፍታ ያለውን ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ተደግፋ ተቀምጣለች። በ2024 ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ በመላው ብሪታንያ ለኑሮ ተመራጭ ከሆኑ ስፍራዎች የአንደኝነቱን ደረጃ ሰጥቷታል። እዚህ አንድ የቤተሰብ ቤት ለገበያ ሲወጣ ብዙ ዓይን ቢያርፍበት አያስገርምም።

ለከተማዋ ሞገስ መነሻው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1850 ከደረሰ በኋላ የኤዲንብራ ባለጸጎች በጋውን የሚያሳልፉባቸውን ቪላዎች በተጠረበ ድንጋይ አሠሩ። ዛሬ በዚያው መስመር ጠዋት ወደ ቢሮ የሚሄዱ ሰዎች፣ ማታ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋ ላይ ይራመዳሉ።

የእነዚህ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ክብር ያለው በእጅ ጥበባቸው ነው። ከፍ ያለው ጣሪያ፣ የኮርኒሱን ዙሪያ የከበበው የጂፕሰም ቅርጽ፣ የሳሎኑ የእሳት ምድጃ ሁሉም ያምራሉ፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚማርኩኝ መስኮቶቹ ናቸው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ከባድ መስታወት በእጅ ሲነካ ይቀላል፤ ምክንያቱም በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ክብደት አለ። መስታወቱ ሲወጣ ብረቱ ይወርዳል። የእንጨት መዝጊያዎቹም ቀን ቀን ከግድግዳው ጎን ተጣጥፈው ጌጥ መስለው ይውላሉ፤ ሲመሽ ተዘርግተው የባሕሩን ንፋስ ይመክታሉ። ይህን ያሰበ አናጺ ለባለቤቱ ምቾት የተጨነቀ ሰው ነበር።

ከዚያ መስኮት ባሻገር ባስ ሮክ ይታያል። ከባሕሩ ከመቶ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የወጣው ይህ ዓለት፣ በበጋ የጋኔት ወፎች ሰፍረውበት ከሩቅ ነጭ ሆኖ ያበራል። ወደ ምዕራብ ደግሞ የፊድራ ደሴት አለች፤ ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በልጅነቱ በዚህ ጠረፍ በጋውን ያሳልፍ ነበር። እንዲህ ያለ እይታ ያለው ሳሎን ሥዕል መስቀል አያስፈልገውም።

እርግጥ ነው፣ ውበቱ ጠባቂ ይሻል። ጨው ያዘለው ንፋስ ቀለምና እንጨት ይበላል፤ የከተማዋ ነባር ክፍልም የቅርስ ጥበቃ ቀጠና በመሆኑ አሮጌውን መስኮት በፈለጉት ዓይነት መቀየር አይቻልም። ይህ ገደብ መንገዶቹን ውብ አድርጎ አቆይቷቸዋልና እኔ በበጎ አየዋለሁ።

ግዢውም የራሱ ሥርዓት አለው። በስኮትላንድ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ዋጋ መነሻ ብቻ ነው፤ ፈላጊ ሲበዛ ቀን ይቆረጣል፤ እያንዳንዱም የሌላውን ሳያውቅ ዋጋውን በጠበቃው በኩል ያቀርባል። ሻጩ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የቤቱን ይዞታ የሚገልጽ የባለሙያ ሪፖርት ማዘጋጀት ግዴታው ነው። ስለዚህ ልብዎ ወደዚህ ጠረፍ ካዘነበለ፣ ሪፖርቱን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ባንክዎን ያነጋግሩ፤ ቤቱን ለማየት ከመሄድዎ በፊትም ጠበቃ ይያዙ።