የዓሣ ኩሬ ውኃ አረንጓዴ ሲሆን፦ ጥቅሙ፣ አደጋውና መፍትሔው

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር በተጨማሪ የዓሣ ልማትንም ያካትታል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት የሚያስብ አርሶ አደር በቅድሚያ ሊረዳ የሚገባው የውኃው አረንጓዴነት ምን እንደሚያመለክት ነው።

ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የተባለ ደቃቅ ሕያው ነው። የሚለማውም በፍግ፣ በተረፈ መኖና በጎርፍ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያ ውስጥ ባሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። አልጌ በልክ ሲሆን ለቆሮሶ ዓሣ ምግብ ይሆናል፤ ቀንም ኦክስጅን ያመነጫል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ሌሊት ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚጠቀም፣ ሊነጋጋ ሲል ዓሣው አየር ያጥረዋል። ዓሦች ማለዳ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ከታዩ ችግሩ ደርሷል ማለት ነው። እርምጃው ከዘገየ የኩሬው ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

መጠኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ ነጭ ሳህን በተለካ ገመድ አስሮ ወደ ውኃው ማውረድ ይበቃል።

• ሳህኑ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከተሰወረ ውኃው ተስማሚ ነው።
• ከ25 ሴንቲ ሜትር በፊት ከተሰወረ ፍግ መጨመር ይቁም፤ መኖም ይቀነስ።
• ከ20 ሴንቲ ሜትር በፊት ከተሰወረ ከኩሬው ሥር የተወሰነ ውኃ አስወጥቶ በንጹሕ ውኃ መተካት ያስፈልጋል።
• ከ40 ሴንቲ ሜትር በታችም የሚታይ ከሆነ ጥቂት የበሰበሰ ፍግ መጨመር ይቻላል።

ውኃው በአፈር ደፍርሶ ከሆነ ይህ ልኬት የአልጌውን መጠን አያሳይም። በክረምት ጎርፍ እንዳይገባ በኩሬው ዙሪያ ቦይ መቆፈር ይገባል። በእንጅባራ ደጋማ አየር ዓሣ በብርድ ሰዓት ጥቂት ስለሚበላ፣ መኖ ውኃው በሚሞቅበት ከቀትር በኋላ ቢሰጥ ትርፉ አይበሰብስም። አልጌን በኬሚካል ማጥፋት አይመከርም፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ከኩሬ የሚወጣ ውኃ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ጓሮ አትክልት ይለቀቅ። ከዳንግላ ዙሪያ የሚነሡ ወንዞች በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ሐይቅ ስለሚገቡ፣ የሚሸከሙት ንጥረ ነገር ለእምቦጭ አረም መስፋፋት ያግዛል።

ችግሩ ከቀጠለ አርቢው የመዘገበውን የየቀኑ ልኬት ይዞ በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።